ልጅቷን ልግደላት ወይስ ላድናት?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ከረሙ? የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ 17 ዓመቴ ነው፣ 12ኛ ክፍል ነኝ። በደብተር ልብወለድ እየጻፍኩ ነው፣ የኔ እኩያ የሆነች ሯጭ ልጅ የአጥንት ካንሰር ይዟት ነው ታሪኩ። አማርኛ መምህራችን አነበቡልኝና «ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው፣ ከጆን ግሪን የቀዳሽው ነው» አሉኝ። እውነት ለመናገር የአሜሪካዊውን ደራሲ የጆን ግሪንን «ዘ ፎልት ኢን አወር ስታርስ»፣ ካንሰር ስላለባቸው ልጆች የሚያወራውን ልብወለድ፣ በቴሌግራም ፒዲኤፉን አግኝቼ አንብቤዋለሁ፣ ግን አልቀዳሁም። ሌላው ደግሞ ጓደኞቼ ካልሞተች አያስለቅስም ይላሉ። እኔ ልገድላት አልፈለግኩም። ሦስት ገጽ ልኬልዎታለሁ። ከጠባሴ

መልስ፦ መምህርሽን አትቀየሚያቸው የኔ ልጅ፣ ግማሹ ልክ ናቸው። የላክሽልኝ ገጽ ላይ ልጆቹ ክብ ሰርተው ተቀምጠው ተራ በተራ ምን ዓይነት ካንሰር እንዳለባቸው ያወራሉ፣ ያንቺዋም በሞቷ ትቀልዳለች። ይሄ የጆን ግሪን ቤት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱ መጽሐፍ ውስጥ ልጆቹ ምን እንደያዛቸው ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ ካወቁ በኋላ የሚመጣ ጨዋታ ነው። እኛ ጋ ግን ታሪኩ ከዛ በፊት ነው የሚጀምረው። እኛ ጋ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ልጅቷ ብቻ ናት አታውቅም የምትባለው። አባትየው ከሐኪሙ ክፍል ፊቱን ጠራርጎ ይወጣና «ብርድ ነው የመታሽ አለ» ይላታል፣ እናት ማድቤት ገብታ ጭሱን ታሳብባለች፣ አክስት ከሸኖ በሥራ ቀን ዶሮ አንጠልጥላ ዱብ ትላለች፣ ያለ ምክንያት ዶሮ የያዘች አክስት ስታይ የ17 ዓመት ልጅ ምን እንደሚገባት አንቺው ታውቂዋለሽ። መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተዙሮ በሚነገርበት አገር «ልጄ ካንሰር አለብሽ» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ክቡን ሰርዢውና ሹክሹክታውን ጻፊ። አልጋ ላይ ሆና፣ ጋቢ ተከናንባ፣ የተኛች መስላ የምትሰማውን።

አጀማመርሽም ቸኩሏል። ሐኪሞች ኦስቲዮሳርኮማ የሚሉት ያ የአጥንት ካንሰር በብዛት የሚመጣው የልጆች ቁመት በሚመዘዝበት ዕድሜ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አካባቢ፣ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛል። ታዲያ እንደ ጫጫዋ ጌጤ ዋሚ እሮጣለሁ የምትል ልጅ ጉልበቷን ሲያማት ማን ካንሰር ብሎ ያስባል፣ ወለምታ ነው ይባልና ወጌሻ ጋ ትሄዳለች፣ በቅቤ ትታሻለች፣ ሁለት ወር እንዲሁ ያልፋል፣ እብጠቱ ደግሞ አይቆምም። አንቺ ምዕራፍ 1 ላይ ቀጥታ ኤምአርአይ የሚሉት ትልቁ የምርመራ ማሽን ውስጥ አስገባሻት! ኧረ ቀስ በይ። ከወጌሻው እስከ ራጅ፣ ከራጅ እስከ ሪፈር፣ ከዛ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ድረስ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ራሱ ግማሽ መጽሐፍ ይወጣዋል። አዲስ አበባስ ማን ቤት ነው የሚያርፉት? ሕክምናው አንድ ሰሞን መርፌ ተወግቶ የሚመለሱበት አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት፣ ከዛ ኦፕራሲዮን፣ ከዛ እንደገና ኬሞ ነው፣ ከመንፈቅ በላይ ይፈጃል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የዘመድ ፊት ምን እንደሚመስል ጻፊ። ከኬሞዎቹ አንዱ መድኃኒት ራሱ ቀይ ነው፣ ሽንትንም ቀይ ያደርጋል፣ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ነፍሱ ትወጣለች፣ እሱንም እንዳትዘይው።

ጸጉሩን ደግሞ በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው፣ መስታወት ፊት ቆማ አለቀሰች ብለሽ። መስታወት ፊትማ ማንም ደራሲ ያስለቅሳል። አስቢው እስቲ፣ እኛ አገር ጸጉሯን የተላጨች ሴት ስትታይ «ማን ሞተባት?» ነው የሚባለው። ልጅቷ ገበያ መሀል ሻሿ ቢወልቅና አንዲት የማታውቃት ሴትዮ ጠጋ ብላ «እግዜር ያጥናሽ የኔ ልጅ፣ ማን ነው?» ብትላትስ? ምን ትመልሳለች? እኔ ብሆን መጽሐፉን በሙሉ ለዛ መልስ ስል እጽፈው ነበር።

ጸበሉን አለመርሳትሽ ጥሩ ነው፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ወስደሻታል፣ ግን ካህኑን ክፉ ሐኪሙን ደግ አድርገሽ ነው የሳልሽው፣ ወይ በግልባጩ እንዳይሆን ብለሽ ፈርተሽ መሰለኝ። የማውቃቸው ቤተሰቦች ሁለቱንም ነው የሚይዙት። ጭንቁ ያለው ሱባዔው ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው የኬሞው ቀጠሮ የደረሰ እንደሆነ ነው። አያት «ጨርሳ ትሂድ» ትላለች፣ አባት የቀጠሮ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ እያሻሸ ዝም ይላል። ያን ዝምታ መጻፍ ከቻልሽ ሌላ ጠብ አያስፈልግሽም።

ትሙት ወይ ላልሽው፣ ማን አስገደደሽ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሀብታም አገሮች ውስጥ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፣ ደሃ አገሮች ውስጥ ግን ብዙ ቦታ ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ያው በሽታ ነው እኮ። ልዩነቱን የሚያመጣው ዘግይቶ መድረስ፣ መድኃኒት ማጣት፣ ሕክምናውን መሀል ላይ ማቋረጥ ነው። ጆን ግሪን ጀግናዋን የሚያቆይላትን መድኃኒት ከራሱ ፈጥሮ ነው የጻፈው፣ በውኑ እንደሌለም እዛው መጽሐፉ ላይ ነግሮናል። አንቺም ብትፈጥሪ ማንም አይከስሽም፣ ግን የመኪናውን ብር ከየት እንዳመጡት ሳትጽፊ ካለፍሽ አንድም የሰሜን ሸዋ አንባቢ አያምንሽም። በሬው ይሸጣል? ከእድር ይበደራሉ? ከዳነች በዛ በተሸጠው በሬ ዳነች፣ አንባቢሽ እዛ ላይ ያለቅስልሻል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የደም ካንሰር ተብሎ በሕክምና ላይ ነው። እኛ አልነገርነውም። ሰሞኑን እህቱ ስልክ ላይ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ሲያነብ አገኘሁትና ቀማሁት። አጥፍቻለሁ? ከደብረ ሲና

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። አላጠፋሽም፣ ደንግጠሽ ነው። ግን የ14 ዓመት ልጅ ያን መጽሐፍ ፈልጎ ካገኘው ስለ ራሱ እየጠየቀ ነው፣ መልሱን ከናንተ ስላጣ ነው ስልክ ውስጥ የገባው። ስልኩን መልሺለትና «የት ደረስክ?» በይው፣ ሌላ ምንም ሳትጨምሪ። የሚያክመውን ሐኪም ደግሞ «እንዴት እንንገረው» ብለሽ ጠይቂ፣ አታፍሪ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅ ቢሞትና ልጅሽ ቢደነግጥ ደግሞ እውነቱን ንገሪው፣ የልጆች የደም ካንሰር ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው፣ ሕክምናው ግን ሁለት ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ አለማቋረጥ ነው። ከመጽሐፉ ወጣሁ ግን ልበልሽ፣ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ትኩሳት ካለው ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ካንሰር ብለን እንጻፍ ወይስ ነቀርሳ? ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ካንሰር። ነቀርሳ ቆንጆ ቃል ነው፣ ግን «የሳንባ ነቀርሳ» ስትል ሰው የሚገባው ቲቢ ነው፣ ገጸ ባሕርይህ በሌላ በሽታ ይሞትብሃል። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ከሆነ ግን ስሙንም አይጠሩትም፣ «ያ ክፉ በሽታ» ነው የሚሉት፣ እንደዛው ተወው።

የጠባሴዋ ልጅ፣ የገበያዋን ምዕራፍ ስትጨርሺ ላኪልኝ። በእርሳስ አትጻፊ፣ ዓይኔ ደክሟል።