«ሦስት ኮርስ ብቻ ይዘሽ ምን ያስጨንቅሻል?»

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምተዳደረው ረዳት አስተማሪ ሆኜ በማገኘው ክፍያ ነው። ባለቤቴና የአምስት ዓመት ልጃችን አዲስ አበባ ናቸው። በስልክ ባወራን ቁጥር እንጣላለን። «ቢዚ ነኝ» ስለው፣ «ሦስት ኮርስ ብቻ ይዘሽ ምን ያስጨንቅሻል? ደግሞ በሰዓቱ አትደውዪም» ይለኛል። አማቴም «ልጇን ጥላ ሄደች» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ሰሞኑን ደግሞ «ወይ ተመለሺ፣ ወይ ውሰጂን» ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ባላየው ነገር እየፈረደብሽ ነው እንጂ።

እዚያ ሦስት ኮርስ ሙሉ ጭነት መሆኑን ማን ነገረው? ክፍል የምትቀመጪው በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ንባቡ ግን ሌሊትሽን ይበላል። በዚያ ላይ ማስተማሩ፣ የተማሪ ወረቀት ማረሙ፣ ምርምሩ፣ ፊትሽ የተደቀነው የብቃት ፈተና አለ። ብር ሲያጥር «ሌላ ሥራ ልያዝ» እንዳትዪ፣ በተማሪ ቪዛ ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድም። ይህን ሁሉ «ቢዚ ነኝ» ብለሽ ስትጠቀልዪው እሱ ጆሮ የሚደርሰው «አትረብሸኝ» ሆኖ ነው።

ስለዚህ ሰበቡን ተዪና ውሎሽን ንገሪው። ትናንት ስንት ወረቀት እንዳረምሽ፣ የትኛው ተማሪ እንዳሳቀሽ፣ ምሳሽን የት ቆመሽ እንደበላሽ። በቪዲዮ የምትሠሪበትን ጠረጴዛ አሳዪው፤ ልጅሽም ይየው። የእሱንም ውሎ ጠይቂ። ልጁን ሌሊት ሲያተኩሰው የሚነሳው እሱ ነው። በደብዳቤሽ ስለ ድካሙ አንድም ቃል አላየሁም። አትቀየሚኝ፤ ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

«በሰዓቱ አትደውዪም» ያለሽ ግን አስፈገገኝ። ኦሃዮ ውስጥ በየዓመቱ በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እኛ ጋ አይነካም። የሰባት ሰዓት ልዩነታችሁ ስምንት ይሆናል። አንቺ እንደለመድሽው ከቀኑ 7 ሰዓት ስትደውዪ፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 የነበረው 3 ሰዓት ሆኗል፤ ልጁም ተኝቷል። አንቺ ሰዓትሽን አክብረሻል፣ እሱም አልዋሸም። ሰዓቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ፣ እስከ መጋቢት መግቢያ ድረስ በ6 ሰዓት ደውዪ።

«ውሰጂን» የሚለውን በንዴት አትመልሺው። የተማሪ የትዳር ጓደኛ በኤፍ ቱ ቪዛ መምጣት ይችላል፤ መሥራት ግን አይፈቀድለትም። ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል። ባለቤትሽ ሥራውን ለቆ፣ ሦስታችሁም በአንቺ ክፍያ መኖር ትችላላችሁ? የቤት ኪራዩንና የጤና መድኑን ወረቀት ላይ አስፍራችሁ አብራችሁ ደምሩት። ያኔ ነገሩ የሂሳብ ወሬ ይሆናል፤ ጭቅጭቁም ይቀንሳል።

አማትሽን ለልጃቸው ተዪለት። እናቱን እሱ ያናግር።

እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብም ካስጠላሽ ግን አትጠብቂ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ የሥነ ልቦና ምክር ይሰጣሉ፤ የምትነግሪያቸው ለፕሮፌሰርሽ አይደርስም። ለፕሮፌሰርሽ መንገር ያለብሽ ሌላ ነገር ነው፦ ልጅ እንዳለሽና የምትደውዪለትን ሰዓት፤ በዚያ ሰዓት ስብሰባ እንዳይያዝብሽ።