ሞላው ደክሞ አሞርዛተሩ ሲከሰስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዲስ አበባ፣ ከአያት ሰፈር ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። መኪናችን የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ናት። ከኋላ ሰው ሲሞላባት ቁጭ ትላለች። የፍጥነት መቀነሻ ባለፍን ቁጥር ደግሞ ጀርባዋ ሁለት ሦስቴ ይዘላል። ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ ፈረስ!» ይላል። በቀኝ በኩል ያለው የኋላ አሞርዛተር ዘይት ያንጠባጥባል። አንዱ መካኒክ «የሚያፈሰውን ብቻ ቀይሪ» አለኝ። ሌላው «ሁለቱንም ቀይሪ፣ ግን ጠንካራ የሚባለውን አስገቢ፤ ከፍም ትላለች» አለኝ። ዕቃ ሻጩ ሦስት ዓይነት አቀረበልኝ፤ የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ለበዓል ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ እንሄዳለን፤ ስንመለስ ጤፍ ጭነን ነው። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ የልጄ እኩያ ስለምትመስዪኝ «አንቺ» እያልኩ ልጻፍ።

ልጅሽ በሽታውን ከሁለቱም መካኒኮች በተሻለ ተናግሮታል። ነገር ግን የጻፍሽልኝ አንድ በሽታ አይደለም፤ ሁለት ነው። መዝለል አንድ፣ ቁጭ ማለት ሌላ። ሰው ሁለቱን ይቀላቅልና ለሞላው፣ ለዚያ ጥቅልል ብረት፣ ጥፋት አሞርዛተሩን ያስቀይራል።

የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ የሚሸከመው ክብደት የለም። ሥራው ሞላውን «በቃህ» ማለት ነው። ጉብታ ላይ ስትወጪ ሞላው ይጨመቃል፤ ከዚያ ያንን ጉልበት መልሶ ይወረውራል። የሚይዘው ካጣ ሲዘል ይውላል። አሞርዛተሩ ውስጥ ዘይትና ፒስተን አለ። ፒስተኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፋል፤ የዝላዩ ጉልበት እዚያ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱ ከፈሰሰ ፒስተኑ ባዶ ውስጥ ይመላለሳል። የልጅሽ ፈረስ ይኸው ነው። ሰው ሲሞላባት ቁጭ የምትለው ግን ወይ ሞላዋ ደክሞ ነው፣ ወይ ጭነቱ በዝቶባት ነው።

ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ሜትር ያዢ። መኪናዋን ባዶዋን ሜዳ ላይ አቁሚያት፤ የጎማዋ ንፋስ እኩል ይሁን። ከቸርኬው መሃል እስከ ላይኛው የላሜራ ጠርዝ ለኪ፤ በግራም በቀኝም። ከዚያ ተመሳሳይ ቪትዝ ያለው ጎረቤት ፈልጊና የእሱንም ለኪ። አያት ቪትዝ አይጠፋም። ያንቺዋ ሁለት ሴንቲ ያህል ዝቅ ካለች እኔ ሞላውን እጠረጥራለሁ። እኩል ከሆነች ሞላሽ ደህና ነው፤ የከበዳት ጤፉ ነው።

ስለ ጤፉ ልናገር። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰው፣ ሦስት ልጅ፣ እናትሽ ያስያዙሽ ቅቤና ዶሮ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቢው። መኪናሽ ራሷ ባዶዋን አንድ ቶን አትሞላም። እናትሽ «ሌላ ግማሽ ኩንታል ጨምሪ» እንደሚሉም አውቃለሁ፤ የኔም እናት እንደዚያው ነበሩ። ጤፉን በጭነት መኪና ላኪው። አይሆንም ካልሽ ደግሞ ከኋላው መዝጊያ ጋ አታስጠጊው። ከወንበሩ ጀርባ ጋር አጣብቀሽ ዝቅ አድርገሽ አስተኚው። ክብደቱ ከኋላ እግሯ ባለፈ ቁጥር ጀርባዋን ይበልጥ ይጫናል፣ ፊቷንም ያቀልላል።

አሁን ወደ ሁለቱ መካኒኮች። የመጀመሪያው ሊቆጥብልሽ አስቦ ነው፤ ግን ተሳስቷል። የኋላ ሁለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ አንዱ ጎን ይይዛል፣ ሌላው ይለቅቃል። ኩርባ ላይ ድንገት ፍሬን ስትይዢ ይታወቅሻል። እኔ አንዱን ብቻ የምቀይረው ሁለቱም ከገቡ ጥቂት ወር ብቻ ሆኗቸው አንዱ ተበላሽቶ ሲገኝ ነው። የፊቶቹ ደህና ከሆኑ ግን አይነኩ። «አራቱንም» የሚልሽ ካለ ምክንያቱን ጠይቂው።

ሁለተኛው ደግሞ «ከፍ ትላለች» ያለው ልክ አይደለም። ጋዝ ያለበት አዲስ አሞርዛተር ሲገባ በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ያለች ትመስል ይሆናል። ኩንታል ጤፍ ሲጫን ያ ምንም አይደለም። ከመጠን በላይ የጠነከረ ካስገባሽ ባዶዋን ስትነጂ ኮብልስቶኑ ላይ ጎማዋ መሬቱን መከተል ትቶ ይንጣጣል። በዓመት ሁለቴ ለምትጭኚው ጤፍ ብለሽ ልጆቹን በየቀኑ ትምህርት ቤት እስኪደርሱ ማንገጫገጭ ምን ይሉታል?

አንድ ጥያቄ አለኝ። መኪናዋ ከዚህ በፊት «ተነስታለች» ወይ? ሆዷ እየነካ ስለሚያስቸግር ሞላው ሥር ጎማ ወይም ብረት አስገብተው ከፍ ያደረጓት ብዙ ናቸው። አልፈርድም፤ መንገዳችንን አውቀዋለሁ። ግን ያኔ አሞርዛተሩ ቆማም ሳለች ተስቦ ጫፉ አጠገብ ነው የሚቆመው። ጎማዋ ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር ዘንጉ መጨረሻው ላይ «ቋ» ብሎ ይመታል። አዲስ ብታስገቢም ዕድሜው ያጥራል። ገዝተሽ ያገኘሻት መኪና ከሆነች ከሥር አስታይያት።

አሁን ወደ ግዢው። ዋጋ አልጽፍልሽም፤ መጽሔቱ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ይለወጣል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ቪትዝ ያለው ሰው ቪትዙን አጥብቆ ይዟል። ዕቃ ሻጩም ይህን ያውቃል።

ሦስቱ ምን እንደሆኑ ባትጽፊልኝም እገምታለሁ። አንደኛው የጃፓን ኬዋይቢ ነው፣ ካያባ የሚሉት። ሁለተኛው ስሙን ሰምተሽው የማታውቂው ርካሽ ነው። ሦስተኛው ከጃፓን መኪና የተፈታ ያገለገለ ነው። ያገለገለውን ተይው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ በር፣ መስታወት፣ የመብራት ቤት ያለ ሐሳብ እገዛለሁ። አሞርዛተር ግን አልገዛም። ውጭው ይታጠባል፤ ውስጡ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚነግርሽ የለም።

ኬዋይቢ፣ ቶኪኮ ወይም ሞንሮ ካገኘሽ ተራውን፣ ለመኪናሽ የተሠራውን ውሰጂ። ካርቶኑ ላይ «ስፖርት» ያለበትን ተይ። ተራው ብዙ ጊዜ ሁለት ቱቦ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገባበት ነው፤ ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ትንሽ ጋዝ ይጨመርበታል። ባለ አንድ ቱቦው ጋዙ ከፍ ባለ ግፊት የታመቀ ነው፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጎበዝ ነው። ግን ፒስተኑ የሚመላለሰው በራሱ በውጭው ቱቦ ውስጥ ነው። ድንጋይ መትቶ ቱቦውን ከጎደጎደው ፒስተኑ እዚያ ላይ ይያዛል። ባለ ሁለት ቱቦው የውጭ ቱቦው ትንሽ ቢጎደጉድም ሥራውን ይቀጥላል። ጠጠር መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ይህን ልዩነት በኪሱ ይከፍለዋል።

ፎርጅዱ ብዙ ስለሆነ ሱቅ ስትሄጂ አሮጌውን አሞርዛተርና የሻንሲ ቁጥርሽን ያዢ። «የቪትዝ ነው» ማለት አይበቃም። ባለ 1 ሊትሯ በሻንሲ ቁጥሯ ኤስሲፒ10 ናት፤ በአራቱም እግሯ የምትጎትተዋ ኤንሲፒ15 ናት፤ የኋላ እግራቸው አንድ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዪ። ቁመቱን ከአሮጌው ጋር አስተያዪ። ጋዝ ያለበት ከሆነ ማሰሪያው ሲፈታ ዘንጉ በራሱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ተጎልቶ ከቀረ መልሺው።

ገጠማው ላይ ቁሚ። መካኒኩ ቢሰለቸውም ቁሚ። የቪትዝ የኋላ ሞላ ከአሞርዛተሩ ተለይቶ ለብቻው የተቀመጠ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ቀላል ነው። ግን አሞርዛተሩ ከመፈታቱ በፊት አክስሉ ከሥር በክሪክ ይደገፍ። አለዚያ አክስሉ ወርዶ የፍሬኑን ቱቦ ይስባል፣ ሞላውም ሊወድቅ ይችላል። አዲሱን ከማስገባቱ በፊት ቀጥ አድርጎ አቁሞ አራት አምስት ጊዜ ይጫነው፣ ይሳበው። ተኝቶ ስለከረመ አየር ይኖረዋል። ዘንጉ ላይ የሚገባው የመጨረሻ መምቻ ጎማና የአቧራ ሽፋኑ ካረጁ አብረው ይቀየሩ። ብዙ መኪና ላይ መምቻው ጎማ ከነጭራሹ ተበልቶ አልቆ ነው የማገኘው። የታችኛው ቡሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በእግሯ ከቆመች በኋላ ነው። አየር ላይ ሳለች ከጠበቀ ጎሚኒው (ቡሎኑ የሚያልፍበት ጎማ) ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብሽ ፓፓጋሎን ነው፣ ባለ ጥርሱን ትልቅ ፒንሳ። በ1980 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና ቁልፍ አቀባይ ልጅ ሳለሁ፣ የአንድ ላዳ ታክሲ የፊት አሞርዛተር ሳስር ዘንጉ ጫፉ ላይ ከሚጠብቀው ዳዶ ጋር አብሮ ዞረብኝ። ፓፓጋሎ አንስቼ ዘንጉን ነክሼ ያዝኩት። ዳዶው ጠበቀ፣ እኔም ኮራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ባለታክሲው እየተሳደበ መጣ። አሞርዛተሩ ዘይት ያለቅሳል። አለቃዬ ፈታውና ጣቴን ይዞ ዘንጉ ላይ አስኬደው። የፓፓጋሎው ጥርስ ምልክት ቆረቆረኝ። ያ ጭረት በወጣ በገባ ቁጥር ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ ሲልጠው ከርሟል። የአዲሱ አሞርዛተር ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ለቁልፍ የተሠራ ጠፍጣፋ ቦታ አለ፤ የሚያዘው እዚያ ነው። መካኒክሽ መስታወት የመሰለውን ዘንግ በፒንሳ ሲይዝ ካየሽ «ተው» በይው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው። የኮሮላዬን የኋላ አሞርዛተሮች በአዲስ ከቀየርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዝላዩ ጠፋ፤ ግን ትንሽ ጠጠር ላይ ሳይቀር «ቋ ቋ» ይላል። ፎርጅድ ሸጡልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ዝላዩ ከጠፋ አሞርዛተሩ እየሠራ ነው፤ ሻጩን ለመክሰስ አትቸኩል። በመጀመሪያ የላይኛውን ዳዶ ይመልከቱልህ። ሮንዴላው (ከዳዶው ሥር የሚገባው ቀለበት) ከተረሳ ወይም ተገልብጦ ከገባ እንደዚሁ ይጮኻል። አሮጌው የላይኛ ጎሚኒ ተመልሶ ገብቶም ሊሆን ይችላል፤ ለቁጠባ የሚደረግ ነገር ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ አንድ ሰው ከኋላ እየተጫነ ሌላው ከሥር ገብቶ ማያያዣዎቹን በእጁ ይያዝ። ድምፅ በጆሮ ሲፈለግ ያታልላል፤ በመዳፍ ግን ይያዛል። የጭስ ማውጫውንም አትርሳ። አንድ ደንበኛዬ «አሞርዛተር» ብሎ የመጣበት ድምፅ የጭስ ማውጫው መስቀያ ጎማ ሆኖ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ አሞርዛተር በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል? ሳይፈታስ መሞቱ ይታወቃል?

መልስ፦ አንዳንድ አምራቾች 80,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቀይሩ ይላሉ። እኔ በኛ መንገድ በየ20,000ው ይታይ እላለሁ። ከኋላ በአንዱ ጥግ በሙሉ ክብደትህ ተጫንና ልቀቅ። ወጥታ፣ ትንሽ ወርዳ ጸጥ ካለች ደህና ናት። ጎማው ላይ መዳፍህን አስኬድ፤ ቦታ ቦታውን እየዘለለ ከተበላ ተጠርጣሪው አሞርዛተሩ ነው። ቱቦው ላይ ስስ ወዝና አቧራ ቢኖር አትደንግጥ፤ ዘይቱ ወደታች ሲወርድ ግን አልቆለታል። የኔ ዘዴ ይህ ነው፦ ግማሽ ሰዓት ኮረኮንች ነድተህ ቁም፤ ሁለቱን የኋላ አሞርዛተሮች በእጅህ ጀርባ በጥንቃቄ ንካ። ሁለቱም መሞቅ አለባቸው። አንዱ ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ሥራ አቁሟል። ኪሎ ሜትሩን በተመለከተ ደግሞ ያገለገለ መኪና ገዝተህ ከሆነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ከማመንህ በፊት የፔዳሎቹን ጎማ እይ።