ዊንዶውስ 10ን ይዘን እንቆይ ወይስ ወደ 11 እንሻገር? ጥያቄና መልስ ከደብረ ማርቆስ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ወደ ጥገና ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ላሳድገው ወይስ ልተወው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ጥያቄያችሁን ሰብስቤ በአንድ ላይ ብመልስ ይሻላል ብዬ ከየከተማው የደረሱኝን እነሆ። ተመሳሳዮቹን አጣምሬያለሁ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ላፕቶፔ በዊንዶውስ 10 ይሠራል። ጊዜው አልፎበታል ሲሉኝ ደነገጥሁ። አንድ ቀን መከፈቱን ያቆማል ማለት ነው?

አያቆምም። ነገም ከነገ ወዲያም ይከፈታል፤ ጽሑፍህም ፎቶህም ባለበት አለ። የቆመው ጥገናው ነው። በሥርዓቱ ውስጥ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ከእንግዲህ መድፈኛ አይላክልህም። አብሮት የሚመጣው ዲፌንደር የተባለው ጸረ ቫይረስ እስከ 2028 (በአውሮፓውያን) አዳዲስ ቫይረሶችን መለየቱን ይቀጥላል፤ ነገር ግን ቫይረስ መለየትና ቀዳዳ መድፈን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ጊዜ መግዣ መንገድ አለ። ለግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማሻሻያው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦክቶበር 13 ቀን 2026) የሚራዘምበት አሠራር ተዘርግቷል። ዋጋው 30 ዶላር ነው ሲባል ሰምተህ ተስፋ አትቁረጥ፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተህ የኮምፒውተርህን ቅንብሮች ብቻ እንዲያስቀምጥልህ ከፈቀድህ ያለ ክፍያ ይመዘግብሃል። መመዝገቢያው ዊንዶውስ አፕዴት በሚለው ገጽ ላይ ይታያል። ካላየኸው መጀመሪያ ዊንዶውስህ 22ኤች2 የተባለው የመጨረሻው የ10 ዕትም መሆኑን አረጋግጥ፤ ከዚያ በታች ያለ አይመዘገብም።

ከደብረ ማርቆስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ የእኔ ኮምፒውተር 11ን ይቀበል እንደሆነ ሳልከፍል እንዴት ልወቅ?

ለዚህ ጥያቄ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካጋጠመህ ሌላ ባለሙያ ፈልግ። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ክፈትና ፕሮሰሰር ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈውን አንብብ። ኢንቴል ከሆነ ኮር አይ 3፣ አይ 5 ወይም አይ 7 ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አይ 7 ስለሆነ ብቻ አዲስ ይመስለዋል። የሚፈለገው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። 6200 ካለ የመጀመሪያዋ 6 ስድስተኛ ትውልድ መሆኑን ትነግርሃለች፤ 8250 ካለ ስምንተኛ ነው። በ1 የሚጀምር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች ውሰድ፦ 10210 አሥረኛ፣ 1135 አሥራ አንደኛ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ስለዚህ የስምንተኛ ትውልድ አይ 3 ሲያልፍ የአራተኛ ትውልድ አይ 7 ይወድቃል። ኤኤምዲ ከሆነ ደግሞ ራይዘን 2000 ከሚባለው ተከታታይ ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ ያልፋሉ።

በወረቀት ላይ የሚጠየቀው ራም 4 ጊጋባይት፣ ማከማቻው 64 ጊጋባይት ነው። በ4 ጊጋባይት ግን አትሞክረው፤ ክሮምን ከፍተህ የመመረቂያ ጽሑፍህን በዎርድ ስትጽፍ ይንፏቀቃል። 8 ይሁን።

ሌላው መስፈርት ቲፒኤም 2.0 ነው፤ የኮምፒውተሩን ምስጢራዊ ቁልፎች የሚጠብቅ ክፍል ነው። ፕሮሰሰርህ ስምንተኛ ትውልድ ሆኖ «ቲፒኤም የለም» ካለህ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ በሚነሣው ፕሮግራም ውስጥ፣ ተዘግቶ ነው። በኢንቴል ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኘዋለህ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚፈትሽልህ ፒሲ ኸልዝ ቼክ የተባለ የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራምም አለ።

ከደምበጫ፣ መምህር፦ የእኔ ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ ራሙ 4 ነው። አንድ ባለሙያ «በግድ እጭነዋለሁ፣ አታስብ» አለኝ። ላስጭን?

አያስጭኑ። ፍተሻውን አልፎ የሚጭን ዘዴ መኖሩ እውነት ነው፤ ተጭኖም ይከፈታል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ላላሟላ ኮምፒውተር ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። እርስዎ 10ን የሚለቁት ማሻሻያ ስለቆመ ከሆነ፣ ማሻሻያው ወደማይታመን 11 መሄዱ ምን ትርፍ አለው? ኮር ቱ ዱዎ የሚባሉት በጣም የቆዩት ደግሞ በ2024 የወጣውን የ11 ዕትም ጨርሶ አይከፍቱም፤ ፕሮሰሰሩ የሚጠየቀውን ትእዛዝ አያውቀውም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። «ኮምፒውተሬ ስለተንቀረፈፈ ዊንዶውስ ይቀየርልኝ» ብሎ ከሚመጣው ሰው የአብዛኛው ችግር ዊንዶውሱ ሳይሆን የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። የእርስዎንም ሳልከፍተው እገምታለሁ። ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም በማይሽከረከረው ፈጣን ማከማቻ፣ ይቀይሩት፣ ራሙን ወደ 8 ያሳድጉት፣ ከላይ ያልሁትን ማራዘሚያ ይመዝገቡ። ለፈተና ማውጫና ለውጤት ማጠናቀሪያ ያለ ሐሳብ ያገለግልዎታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ፤ ከአዲሱ ስም ይልቅ ውስጡ ይቅደም።

ከሉማሜ፦ ፎርማት ሲደረግ ዲ ላይ ያለው አይነካም ብለውኝ ሁሉንም እዚያ አስቀምጬ ነበር። አሁን ዲ የሚባል ራሱ የለም። ምን ሆነ?

ሲ እና ዲ ሁለት ሳጥን ይምሰሉ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዲስክ ናቸው፤ በመሀል መስመር ተሰምሮ ነው። የጫነልህ ሰው ክፍልፋዮቹን በሙሉ ሰርዞ እንደ አዲስ ከፍሎታል። አዲስ ነገር አትጻፍበት፣ ኮምፒውተሩን አጥፋና ፋይል መልሶ ለሚያወጣ ባለሙያ አድርስ፤ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ የመገኘት ዕድል አለው፣ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

ለሌሎቻችሁ፦ ከማሳደጋችሁ በፊት ፋይላችሁ ከኮምፒውተሩ ውጭ ባለ ዕቃ ላይ፣ ማለትም በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ ይኑር። ዴስክቶፕ ላይ የምታስቀምጡት ሁሉ ያለው ሲ ውስጥ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብዛት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከ10 ወደ 11 በማሳደግ መንገድ ከሄዳችሁ ደግሞ ፎርማት ጨርሶ አያስፈልግም፤ ፋይሉም ፕሮግራሙም እንዳለ ይሻገራል። ካልወደዳችሁትም በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። «ፎርማት ካላደረግሁ አይሆንም» የሚል ባለሙያ የሚያስበው ስለ ራሱ ሰዓት ነው።

ከሞጣ፦ ይድረስ ለልጃችን። የዋሸራን ቅኔዎች ለዓመታት በፓወር ግዕዝ እየጻፍሁ አከማችቻለሁ። ልጆቹ ኮምፒውተሩን እናሳድግልዎ አሉኝ። ጽሑፌ እንዳይበላሽ እሰጋለሁ።

መሪጌታ፣ ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። ቀድሞ የተጻፈው አማርኛና ግዕዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች በጋራ በተመደበው ኮድ፣ የተጻፈው ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 (በአውሮፓውያን) ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በየትኛውም አዲስ ኮምፒውተር ይነበባል። ሁለተኛው በየአምራቹ የራሱ ፎንት የተጻፈው ነው። ይኼኛው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ቦታ ስለሆነ ፎንቱ ከሌለ ቅኔው ወደ ፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይለወጣል። አልጠፋም፤ ፎንቱ ሲመለስ ይመለሳል።

የእርስዎ የትኛው እንደሆነ እንዲህ ይለዩ። አንድ ስንኝ መርጠው ፎንቱን ኤብሪማ ወይም ኒያላ ያድርጉት። ግዕዙ ግዕዝ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፤ ያለ ሐሳብ ያሳድጉ። ከተዘበራረቀ ግን ልጆቹ ከማሳደጋቸው በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ፦ የፎንቶቹን ፋይሎች ገልብጠው ከጽሑፉ ጋር ያኑሩ፣ ጽሑፉንም በሙሉ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩልዎ። ፒዲኤፉ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። ወደ ዩኒኮድ መለወጡን በኋላ በዕረፍት ይሠሩታል፤ ሲለወጥ ግን መልኩንና ነጥቡን ራስዎ ካላረሙት አይታመንም።

ሌላም አለ። በኒያላ የጻፉት በአዲሱ ኮምፒውተር መልኩን ቢቀይር አይደንግጡ። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ተጨማሪ የኢትዮጵያ ፎንቶች በሚል ክፍል ለብቻው የሚጫን ሆኗል፤ ከሴቲንግ ውስጥ አማራጭ ክፍሎች ከሚለው ይጨመራል። የፓወር ግዕዝ ፕሮግራሙ ራሱ በ11 ላይ እንዴት እንደሚሆንልዎ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ይሞክሩት እንጂ በራስዎ አይጀምሩ።

ከባሕር ዳር፦ ኮምፒውተሬ መስፈርቱን ያሟላል። የምሠራው ግን በቆየ የፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ምን ትለኛለህ ወንድሜ?

እህት ዓለም፣ ወደ 11 ማሳደግሽ አይቀርም፤ ግን ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት ጊዜ አትንኪው። ፒችትሪ ከ2013 (በአውሮፓውያን) ዕትሙ ጀምሮ ሴጅ 50 በሚል ስም የሚሸጥ ነው፤ የድሮዎቹን ዕትሞች አምራቹ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ እንዲሠሩ አያዘጋጃቸውም። ስለዚህ የድርጅቱን ፎልደር መገልበጥ ብቻ አይበቃም፤ ከራሱ ከፒችትሪ ውስጥ ባክአፕ አውጪ። ከዚያ ያንን ባክአፕ 11 ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰሽ አንድ ደረሰኝ መዝግቢ፣ አንድ ሪፖርት አትሚ። ከሠራ አሳድጊ። ካልሠራ አሮጌውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት አውጥተሽ ለሒሳብ ብቻ አቆዪው። ኦፊስሽም 2016 ወይም 2019 ከሆነ ድጋፉ ያበቃው በዚያው ቀን መሆኑን እወቂ።

ከቡሬ፣ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፦ አንዱ ኮምፒውተሬ አሁንም ዊንዶውስ 7 ነው። ደንበኛ ፍላሽ በሰካ ቁጥር ሾርትከት ቫይረስ ይገባል። ይኼንስ?

ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ያበቃው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክሮምም ከ109ኛው ዕትም በኋላ ትቶታል። የሌላ ሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ለሚሰካበት ሥራ ይህ ኮምፒውተር የደንበኛህን ሁሉ ቫይረስ ተቀብሎ ለቀጣዩ ደንበኛ ያድላል፤ ስምህንም ያጠፋል። እኔ ብሆን በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ሌላ ሥርዓት እጭንበታለሁ። ነፃ ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀላሉ ዓይነት በአሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል። የሾርትከት ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሣም፤ የደንበኛውን ፍላሽ እዚያ ከፍተህ የተደበቀውን ፋይል ታገኝለታለህ።

ግን ፕሪንተርህንና ፎቶ ኮፒህን ሳትሞክር እንዳትጭን። ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ይሞከራል፤ ፕሪንተሩ አንድ ገጽ ካተመ ወስን። በፓወር ግዕዝ የሚመጣ ጽሑፍ ለመቀበል ደግሞ ሁለተኛውን ኮምፒውተር በዊንዶውስ ተወው።

ከዳንግላ፦ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ መብራትም ይሄዳል። የዊንዶውስ 11ን መጫኛ ፋይል እንዴት ላውርድ?

አንድ ጊዜ ጥሩ መሥመር ባለበት ቢሮ ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርደው በፍላሽ ያዘው፤ ለጎረቤትህም ይሆናል። መጫኛው ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ፍላሽህ 8 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ «ቦታ እያለው አልገለበጥም አለ» የሚባለው ይኼ ነው። ወደ ኤክስፋት ቀይረው። ቤት ስትመለስ የዋይፋዩን ቅንብር ሜተርድ በሚለው ላይ አድርገው፣ ሳታውቅ ጥቅልህን እንዳይጨርስ።

መብራቱን በተመለከተ፦ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ላይ አትጀምር። ዊንዶውስ በመሀል ቢቋረጥ ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ባዮስ እየታደሰ መብራት ቢጠፋ ግን ማዘርቦርዱን ልታጣ ትችላለህ።

ከእንጅባራ፦ አክቲቬተር ተጠቅሜ ብጭንስ?

አይሆንም። ብዙዎቹ አክቲቬተሮች፣ ማለትም ያልተገዛን ዊንዶውስ የተገዛ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች፣ ሲጫኑ በቅድሚያ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላሉ። ያንን ካጠፋህ በኋላ ስለ ደኅንነት ማሻሻያ ማውራት ከንቱ ነው። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ካለህ 11 በነፃ ነው፤ ገንዘብ ከሌለህ ሊኑክስ አለ።

ከቢቸና፦ ልጄ ከውጭ አዲስ ላፕቶፕ ላከልኝ፣ 11 ነው። የለመድሁት 10 ስለሆነ አስቀይሬ ልመልሰው?

አይመልሱት፣ እናቴ። የለመዱት ማስጀመሪያ ቁልፍ ወደ መሀል መሄዱ ብቻ ከሆነ ያሳሰበዎ፣ ከሴቲንግ ውስጥ ወደ ግራ ይመለሳል። ይልቅ አሁኑኑ አንድ ነገር ይሥሩ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስኩን ራሳቸው ይቆልፉታል፤ መክፈቻው 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን የሚቀመጠው በዚያው አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተው ልጅዎ ከሆነ ቁጥሩ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ይደውሉለትና ያንብብልዎ፤ በወረቀት ጽፈው ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡት።