ልጆቹ ተምረው ከሄዱ ለማን ነው የምንደክመው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። አስተዳደሩ ያለውን ገንዘብ ሁሉ የሚያውለው ፋብሪካ ለመሳብ ነው። ትምህርት ቤቱ ይታደስ ሲባል «አስተምረን ለትልቅ ከተማ ለማስረከብ?» ይሉናል። እኔም ግራ ገባኝ። የቱ ይቅደም?

መልስ፦ ትምህርት ቤቱ።

ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ሥራ በሌለበት ጎበዝ ተማሪ መሄዱ አይቀርም። የዘነጉት ግን ወላጁን ነው። ሐኪሙም ነጋዴውም ልጁ ለትምህርት ሲደርስ ዙሪያውን ያያል፣ ትምህርት ቤቱ ካላጠገበው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ግብሩም፣ የሚቀጥራቸው ሰዎች እንጀራም አብሮ ይሄዳል። በአሜሪካዋ ካላማዙ ከተማ በ2005 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስማቸውን ያልገለጹ ለጋሾች በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሩ ልጆች የኮሌጅ ክፍያ እንሸፍናለን አሉ፤ ብዙ ዓመት እዚያው ለተማረ ድርሻው ከፍ ይላል። ለዓመታት ሲያሽቆለቁል የነበረው የተማሪ ቁጥር ወደ ላይ ወጣ። ቤተሰብ የሚቆይበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ፋብሪካ ብቻውን ምን እንደማያደርግ ደግሞ ሶብራልን ይመልከቱ። በብራዚል ድሃው ሰሜን ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ትልቅ የጫማ ፋብሪካ አላት። እንዲያም ሆኖ በ2001 አካባቢ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ግማሽ ያህሉ ማንበብ አይችሉም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ከተማዋ ቆርጣ የተነሳችው። ርዕሰ መምህር በፖለቲካ ትውውቅ መሾም ቀርቶ በችሎታ ሆነ፣ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማንበብ እንዲችሉ ግብ ተቀመጠ፣ መምህራን ያለማቋረጥ ሠለጠኑ፣ ውጤቱም በየጊዜው ተፈተሸ። በአገሪቱ የትምህርት ጥራት መለኪያ በ2005 1,366ኛ የነበረችው ከተማ በ2017 አንደኛ ወጣች። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ከተማዋ የምትገኝበት የሴአራ ክልል ያደረገው ነው፦ በ2007 ባወጣው ሕግ ለከተሞች ከሚያከፋፍለው ግብር የተወሰነውን ከትምህርት ውጤታቸው ጋር አያያዘው። ከንቲባው ገንዘብ ከፈለገ ልጆቹን ማስነበብ አለበት!

ይህ ሲባል ፋብሪካው ይቅር ማለቴ አይደለም። ማንበብና ማስላት የሚችል ወጣት ካላገኘ ግን ቴክኒሻኑን ከሌላ ቦታ ያመጣል፣ የአካባቢው ልጅ ደግሞ ጥበቃና ጫኝ አውራጅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለባለሀብቱ መሬት ሲሰጥ የአካባቢውን ወጣት አሠልጥኖ የመቅጠር ግዴታ ውሉ ውስጥ ይግባ። እርስዎ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ እጅዎን አውጥተው አንድ ነገር ይጠይቁልን፦ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ስንቱ አንብቦ ይረዳል? ቁጥሩን የሚያውቅ ከሌለ፣ መለካቱ ብዙ ገንዘብ አይፈልግምና ከዚያው ይጀመር።