መልስ፦ በወረርሽኝ ጊዜ ድንገተኛ ክፍሉን ከየት እንጀምር?
ወንድሜ፣ «ወረርሽኝ ሲመጣ ድንገተኛ ክፍሉን ከየት ጀምረን እናደራጅ?» ላልከው፣ እኔ ከበሩ እላለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮቪድ አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ የተማርነው ይህንኑ ነው። የሚያስለውና እግሩ የተሰበረው አንድ አግዳሚ ላይ ከተቀመጡ፣ የውስጡ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ልየታው (የታካሚዎቹ መለየት) ደጅ ይሁን፣ ድንኳንም ይበቃል። ሙቀት ብቻ አትለካ፤ የኦክስጅን መለኪያዋን ጣቱ ላይ አድርግለት። ስልክ እየነካካ የደሙ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች የወረደ ሰው ይመጣል (መጀመሪያ መለኪያው የተበላሸ ነው የሚመስልህ)።

ከዚያ የኦክስጅን ሲሊንደር ቁጠር። ትልቁ 6000 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ አንድ ታካሚ በ10 ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። አምስት ከሆኑ ሌሊቱን አስበው። ለወረርሽኙ ብለህ የወላዷንና የመኪና አደጋውን አልጋ ግን አትንካ።