ማበጠሪያው፦ ለድንገተኛ ክፍል ልጆች

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ከእናንተ አንዷን ከአዳር ስትወጣ አገኘኋት። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ አዘዝኩላት። "ሲስተር፣ ያየሁት ነገር ዓይኔ ላይ እየመጣ አላስተኛ አለኝ" አለችኝ። ምን እንዳየች አልጠየቅኳትም። የራሴን ነገርኳት።

ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ መጣ። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነው፤ ድሬ ተኝታለች። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ካየኋቸው ሁሉ አንዲት ሴት ቀረችብኝ። ጭቃ የያዘው ፀጉሯ ውስጥ ማበጠሪያ ተሰክቷል። ፊቷን ረስቼዋለሁ። ማበጠሪያው ግን ቢጫ ነው። ከዚያ በኋላ ታይዋን በሚባለው ገበያችን ማበጠሪያ የደረደረ ልጅ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። ለአለቃዬ ብነግረው "ይሄ ሥራ ለአንቺ አይሆንም" አለኝ። አመንኩትና ክትባት ክፍል ገባሁ። ሁለት ዓመት!

አቦ፣ ውሸት ነበር። እንዲህ ያለ ምስል ጎበዙንም ሰነፉንም ይጎበኛል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ከወር አልፎ እንቅልፍና ሥራ ከነሳችሁ ግን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ፤ ሌላውን በሽተኛ እንደምትልኩት።

የማረጋጊያ መድኃኒቱን፣ ዳያዜፓምን፣ ከቁም ሳጥን አትውሰዱ። እንደምትወስዱ አውቃለሁ፣ እኛም ወስደናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለመጀመሪያው ወር ድንጋጤ የዚህ ዓይነት መድኃኒት አይሰጥ ብሏል። ጫቱም ያው ነው፤ ምርቃናው ሲወርድ ሌሊቱ ይረዝማል። አለቆች ደግሞ በዚያው ሌሊት ሰብስባችሁ "ሁሉም ያየውን ይናገር" አትበሉ። ማስገደዱ አይጠቅምም። ውሃ ስጡ፣ ተረኛ ቀይሩ፣ ቤት አድርሱ።

አንድ ነገር ሳነብ ሳቄ መጥቶ ነበር። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮቪድ ጊዜ የሠሩ 144 የጤና ባለሙያዎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ የሚያስጨንቃቸውን ምስል ለአፍታ አስታውሰው 20 ደቂቃ ቴትሪስ የሚባለውን የስክሪን ጨዋታ ተጫወቱ። የሚወርዱትን ቅርጾች መጀመሪያ በሐሳባቸው እያዞሩ ነው የሚደረድሩት። ሌሎቹ ፖድካስት ሰሙ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ፖድካስት የሰሙት ምስሉ በሳምንት ወደ 5 ጊዜ ሲመጣባቸው፣ የተጫወቱት ዘንድ ወደ 1 ወረደ። ነገሩ ሲገባኝ ሳቁ ቆመ። የሐሳብ ዓይን ብዙ አይችልም። ምስሉ ወጥቶ ሳለ ሌላ የሚታይ ሥራ ከሰጣችሁት ይሻሙበታል፤ ምስሉ ሲመለስ ጉልበቱ ቀንሶ ነው። ስልክ ከፍቶ መጫወት ብቻውን ግን ያ ሕክምና አይደለም። እነሱ በሰው ተመርተው ነው ያደረጉት። እኔ የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ ጭኖልኝ እሞክራለሁ፤ ቶሎ ነው የምሸነፈው።

ልጅቷ ሻይዋን ጨርሳ ባጃጅ ያዘች። የእሷን አልነገረችኝም። ሐሙስ አዳር ናት፤ ዓርብ ጠዋት እዚያው ተቀጣጥረናል።