ቱቦውን ከማውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትመደቡ ቶሎ የምትለምዱት አንድ ሒሳብ አለ። በጉሮሮው ቱቦ ገብቶለት በመተንፈሻ ማሽን የሚረዳ ታካሚ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ትቆጥራላችሁ። ያንን በአንድ ትንፋሽ ለሚያስገባው አየር፣ በሊትር፣ ታካፍላላችሁ። ያንግና ቶቢን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ውጤቱ ከ105 በላይ ከሆነ ታካሚውን ከማሽኑ ማላቀቅ አይሳካም ተብሎ ይገመታል፤ በታች ከሆነ ተስፋ አለ። እኔም ሁሌ እሠራበታለሁ። ግን ብቻውን አትመኑት።

አንድ ጊዜ ከሞረትና ጅሩ የመጣ ወጣት ገበሬ ነበረኝ። ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ ተመርዞ ነው። በሦስተኛው ቀን በደቂቃ 24 ጊዜ፣ በየትንፋሹ 400 ሚሊ ሊትር ይተነፍስ ነበር። 24 ለ0.4 ሊትር ሲካፈል 60 መጣ። ለ30 ደቂቃ ያለ ማሽኑ እገዛ አየነው፤ አላላበውም፣ አልተጨነቀም። ቱቦውን አወጣሁ። እናቱ እልል አሉ።

ማታውን ትንፋሹ እያጠረ ሄደ። አንገቱን መሸከም አቃተው። ሌሊት መልሰን ቱቦ አስገባን። እናቱ በር ላይ ቆመው «ዶክተር፣ ምን ሆነብኝ?» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ይህ ዓይነቱ መርዝ የመጀመሪያው ምልክት ካለፈ በኋላም፣ ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ፣ የአንገትንና የመተንፈሻን ጡንቻ ሊያዝል ይችላል። አውቀው ነበር። ቁጥሩ አማረኝና «ራስህን ከትራስ ቀና አድርግ» ሳልለው ቀረሁ። አምስት ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ነው።

ሳሉንም እዩ። አክታውን ገፍቶ ማውጣት ካልቻለ ትንፋሹ ቢያምርም ቱቦው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ መሆናችንን አትርሱ፤ ከማሽኑ ሲላቀቅ የሚጠብቀው የእኛው ስስ አየር ነው።

ፈርታችሁም አታቆዩት። ማሽን ላይ በቆየ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ለሳንባ ምችም ይጋለጣል። በየጠዋቱ ማስታገሻውን ቀንሱና ዛሬ ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

በዘጠነኛው ቀን ያንን ልጅ ቀና በል አልኩት። ቀና አለ። ጮክ ብዬ እስከ አምስት ቆጠርኩ፤ እናቱም አብረውኝ ቆጠሩ።